«ስ» የሌለው ቃል

የልጅ ልጄ ትናንት ከትምህርት ቤት የተመለሰችው አኩርፋ ነው። እዚሁ እንግሊዝ አገር ተወልዳ፣ አፏን በቋንቋው ፈትታ፣ መምህሯ ደብተሯን በቀይ አዥጎርጉራባት መጣች፤ ብዙ እግር ለማለት «ፉትስ» ብላ ጽፋ ኖሯል፣ ለካ «ፊት» ነው የሚባለው። «በግ ደግሞ አንድም ይሁን መንጋ ያው ሺፕ ነው፣ አያቴ!» አለችኝ ተበሳጭታ፤ እረኛው ታዲያ የጠፋበትን በምን ሊናገር ነው ብዬ አሳቅኋት። ቀጥላ «አንዱ ማን፣ ብዙው ሜን» እያለች ጮክ ብላ ስታጠና ግን ሳቁ ከአፌ ላይ ደረቀ፣ አማተብኩ።

ያን «ሜን» የሚሉትን ቃል መጀመሪያ የሰማሁት በልጅነቴ፣ ይጁቤ አጠገብ በተወለድኩበት መንደር፣ ጣሊያን ከጎጃም ሊወጣ ሲል በዐቢይ ጾም ነው። አባቴና ታላቅ ወንድሜ አላምረው አርበኞች ሆነው ዱር ከገቡ ሰንብተዋል። የቅኔ መምህሩ የኔታ ፈንቴ ከተሰደዱበት ሱዳን ለእንግሊዝ ጦር አስተርጓሚ ሆነው ሲመለሱ፣ እኛን ልጆችን ሰብስበው «አንዱ ቦይ፣ ብዙው ቦይስ፤ አንዷ ካው፣ ብዙዎቹ ካውስ፤ መጨረሻው ላይ ስ ካለ ብዙ ነው» ይሉን ነበር፤ እኛም እንደ እባብ ስ እያልን በባዶው አውድማ ላይ ስንሯሯጥ እንውላለን።

እናቴ ስለ አባቴና ስለ አላምረው እንዲጠይቁላት የኔታን ወደ ጦሩ ሰፈር ላከቻቸው። ሲመለሱ ፊታቸው ጠቁሮ ነበር።

«ሜን ሞተ ነው የሚለው የእንግሊዙ መኮንን፤ ሜን ሰው ማለት ነው። ስ የለውም፤ አንዱ ነው። አንዱ ግን ተርፏል፣ እህቴ።»

«ማን?» አለች እናቴ።

«እሱን አልለየልኝም። ልመለስና ልጠይቅ ብልም ጦሩ ተነሥቶ ሄደ።»

ጎረቤታችን እትየ ይመኙሻል «እንግሊዝኛውን ከግመል ነው እንዴ የተማሩት፣ የኔታ? የሞተውን ከቆመው የማይለይ ምን ቋንቋ ነው!» ብትላቸው፣ መቋሚያቸውን አንሥተው ወጡ።

ከዚያ በኋላ እናቴ ጸጉሯን እንደ ሐዘንተኛ አልተላጨችም፣ እንደ ደስተኛም አላበጠረችውም። የነፍስ አባታችን ለፍትሐት የክርስትና ስሙን ንገሪኝ ቢሏት፣ «የማንን፣ አባቴ? አንዱን ጠርቼ በአፌ ልግደለው?» አለቻቸው። ብቻ ጥጥ ትፈትል ነበር፣ እንዝርቷ ሲሽከረከር ዛሬም ይሰማኛል፤ ለሚመለሰው ልብስ ልታዘጋጅ፣ እጀ ጠባብና ሱሪ እንዳትል ወንድሜ ከአባቴ ይረዝማል፣ ስለዚህ ጋቢ አለች፣ ጋቢ ለሁለቱም ይሆናልና። አርባው ያለ ስም፣ ያለ ጸሎት አለፈ።

ከፋሲካ በኋላ አንድ የትግል ጓዳቸው የአባቴን ዝናርና የወንድሜን የአንገት መስቀል ባንድ ጨርቅ ቋጥሮ መጣ። በአንድ ቀን፣ በአንድ ሸለቆ ወድቀው ኖሯል። የኔታ ሲሰሙ ግንባራቸውን በመቋሚያው መቱ። «በግዕዝ አንዱን ደብር፣ ብዙውን አድባር እያልኩ ያረጀሁ ሰው! ቃል ከሆዱም እንደሚለወጥ ለኔ ይነገረኛል?» እያሉ እንደ ሕፃን አለቀሱ። እናቴ አልወቀሰቻቸውም። ጸጉሯን ተላጭታ ሁለቱን የክርስትና ስሞች በአንድ ትንፋሽ ለነፍስ አባታችን ሰጠች፤ ሲዘገይባት የኖረው ልቅሶ ግን ከዚያ ወዲያ እስክትሞት አላባራም።

ጋቢውን ማንም አልለበሰውም። ዛሬ እናቴም የለች፣ የኔታም የሉ፣ አውድማውም ሰው ሰፍሮበታል አሉ፤ እኔም በእግዚአብሔር ቸርነት እዚህ ብርድ አገር፣ የዚያ መኮንን ቋንቋ ከየመስኮቱ በሚሰማበት ሰፈር አረጀሁ።

ልጅቱ ደብተሯን ዘግታ ልትፈትነኝ ተነሣች። «እሺ አያቴ፣ ሜን ሲባል ስንት ሰው ነው?»

«ሁለት» አልኳት።