ካልቱ የማን ልጅ ናት?

ዛሬ የሽልማት ቀን ነው፤ ስም የምጠራው እኔ ነኝ። ማይክራፎኑ ያፏጫል።

ተማሪ ሳለሁም እዚሁ ከሚሴ፣ በትምህርት ቤቱ ግቢ፣ እንዲህ ያፏጭ ነበር። ጫልቱ እባላለሁ። በቁቤ፣ በኦሮምኛው የላቲን ፊደል፣ ስሜ በ«ሲ» ይጀምራል፤ የሚነበበው ግን «ጫ» ተብሎ ነው። አያቴ የዚያን ቀን ጠዋት «ስምሽ ሳይጠራ እንዳትነሺ፤ ሰው ፊት እንዳታሳፍሪኝ» ብሎኝ ነበር። ከሩቅ የመጡት የክብር እንግዳ ወረቀቱን ገልጠው «አንደኛ፣ ካልቱ አህመድ!» አሉ። እኔን ይሆን? ሌላ ልጅ ብትኖርስ? ደግመው ጠሩ። አልተነሳሁም። ወደ ሁለተኛው አለፉ።

ስንመለስ አያቴ ከዘራውን እየተመረኮዘ «ጫልቱ፣ ያቺ ካልቱ የምትባለዋ የማን ልጅ ናት? ማሻ አላህ!» አለኝ።

«እንጃ» አልኩት። ሳልነግረው አኼራ ሄደ።

አሁን በያዝኩት ዝርዝር ላይ አንደኛ የወጣችው ከአፋር በኩል በመሸኛ የተዛወረች ልጅ ናት። ስሟ በዚያችው «ሲ» ይጀምራል፤ በነሱ ቋንቋ ያቺ ፊደል እንዴት እንደምትነበብ ግን አላውቅም። ወደተቀመጠችበት ሄጄ ጠየቅኳት።

ዓይኗን መሬት ላይ ተክላ «እንደተመቸዎት ይጥሩኝ፣ ቲቸር» አለችኝ።