ተራውን የሚጠብቅ ጠላት

ካላክላ ሰፈር ባለችው ሱቄ አሮጌ ኮምፒውተር ስጠግን፣ የጋለ አቧራ ሽታው የጋሽ ይመርን ክፍል ያስታውሰኛል።

ልጅ ሳለሁ እናቴ በዚሁ በስደት ከተማችን፣ አል-ማንሺያ ሰፈር በሰው ቤት ስትሠራ ጋሽ ይመር የግቢው ዘበኛ ነበሩ፤ የወሎ ሰው፣ የድሮ ወታደር። አሠሪዎቹ የተዉት ኮምፒውተር እሳቸው ክፍል ነበር የተቀመጠው። ትምህርት ሲዘጋ እዚያ ገብቼ የጦርነት ጨዋታ እጫወታለሁ። አንዴ እኔ ጦሬን አንቀሳቅሳለሁ፣ አንዴ ማሽኑ። ሁልጊዜ ያሸንፈኛል። ታንኮቼ ወደ ከተማዋ ሲሮጡ ነዳጅ አልቆባቸው በረሃ ላይ ይቀራሉ። በንዴት አለቅሳለሁ፤ እንባዬን ጠርጌ ደግሞ ከመጀመሪያው እጀምራለሁ።

አንድ ቀን ጋሽ ይመር አጠገቤ ቁጭ ብለው አዩኝ።

«እስክትጨርሺ ዝም ብሎ ይጠብቅሻል?»

«አዎ፣ ተራው እስኪደርስ።»

«ሱብሃነላህ! እንዲህ ያለ ጨዋ ጠላት እኔ አልገጠመኝም። እሱ ካልቸኮለ አንቺን ምን አስቸኮለሽ? መጀመሪያ ነዳጅሽ ይድረስ።»

ሰማኋቸው። ታንኮቼን አቁሜ፣ ነዳጅ የጫኑት መኪኖች እስኪደርሱ ሦስት ተራ ጠበቅሁ። ከዚያ ከተማዋን ከበብኩ። የመጨረሻዋ ታንክ መሃል ከተማ ስትገባ መብራት ጠፋ። ማሸነፌን ማሽኑ ሳይነግረኝ ቀረ።

ጋሽ ይመር ግን ተነሱ። ቀጥ ብለው ቆመው ወታደራዊ ሰላምታ ሰጡኝ።

«ወላሂ ገብተሻል። በዓይኔ አይቻለሁ።»

አሁን ባለ ኮምፒውተሩ «ያላ፣ ፈጠን በይ እንጂ!» እያለ ይነዘንዘኛል። አልቸኩልለትም። እኔ ወታደር ቆሞ ሰላምታ የሰጠኝ ሴት ነኝ።