የጋቢናዋ መስታወት

ጋሽ ብሎን ጡረታ የወጡ መካኒክ ናቸው። ከሠላሳ ዓመት በፊት አንዲት ባለሁለት ወንበር አሮጌ የስፖርት መኪና ከቁርጥራጭ ብረት ክምር አውጥተው፣ ሞተሯንና ፍሬኗን ቀይረው፣ መልኳን ሳይነኩ ሙሽራ አስመሰሏት። ያላማረባት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ከሹፌሩ ጎን ካለው የጋቢና ወንበር ፊት ለፊት የተለጠፈችው ትንሽ መስታወት። ሚስታቸው ናቸው "ካልገጠምክልኝ አልሳፈርም" ብለው ያስለጠፏት። ጋሽ ብሎን "ለጸጉሯ ነው" እያሉ ሠላሳ ዓመት አጉረመረሙ።

ሚስታቸው ካረፉ ወዲህ ባዶ ወንበር ይዞ መዞር አንገሸገሻቸውና መኪናዋን ለጨረታ አቀረቧት።

አጫራቹ ዙሪያዋን አይቶ "እጅዎ ይባረክ! ይቺን መስታወት ግን እንንቀላት፤ መኪናዋን አበላሽታታለች" አላቸው።

"እጅህን ሰብስብ!" አሉት።

መዶሻው ተመታ፤ መኪናዋ ለአንዲት ሐኪም ተሸጠች። ጋሽ ብሎን ቁልፉን አስረክበው፣ እንደ ልማዳቸው ዞረው የጋቢናውን በር ከፈቱ። ለሚስታቸው ሁሌም ቀድመው የሚከፍቱት ያንን በር ነበር። ሐኪሟ ግን መሳፈር የፈለጉ መሰላት።

"ይግቡ አባባ፣ ቤትዎ ላድርስዎት።"

እምቢ ማለት አፍረው ገቡ። እዚያ ወንበር ላይ ሲቀመጡ የመጀመሪያቸው ነው። ቀና ሲሉ መስታወቷ ውስጥ የራሳቸው ፊት የለም። ጥርት ብሎ የሚታየው እሳቸው ሠላሳ ዓመት በነዱበት ወንበር ላይ ያለችው የሐኪሟ ፊት ነው።

"ምነው አባባ?" አለች ሐኪሟ።

"ሚስቴን ሠላሳ ዓመት ለጸጉርሽ ነው ስላት፣" አሉ፣ "አንድ ቀን እንኳ አላረመችኝም።"