የአባቴ እጅና የተበላው ብሎን

ልጅ እያለሁ የሰፈራችን ልጆች ከጅብ አስበልጠው የሚፈሩት አባቴን ነበር። አባቴ ድሬሰር ነው። ቀን ጤና ጣቢያ ይሠራል፤ ከሥራ ሲመለስ ደግሞ መርፌ የታዘዘለት የቀራንዮ ሰው ሁሉ እኛ ቤት ይመጣል። የመርፌ መቀቀያዋ የብረት ሳጥን ምድጃ ላይ መንተክተክ ስትጀምር ተራ የሚጠብቅ ልጅ የእናቱን እጅ አስለቅቆ ወደ አስኮ መንገድ ይፈተለካል። እኔ ግን በዚህ እኮራ ነበር። የተጣላኝን ልጅ «ለአባቴ ነው የምነግርብህ» ካልኩት በቂዬ ነው፣ ወዲያው እንታረቃለን።

አዋቂዎቹ ግን የአባቴን እጅ አመስግነው አይጠግቡም። «የአየለ እጅ ቅቤ ነው፣ መርፌው መግባቱ እንኳ አይታወቅም» ይላሉ። ከመውጋቱ በፊት ለሁሉም አንድ ቃል ነበር የሚናገረው፤ «አይዞህ፣ ትንሽ ናት፣ አሁን ታልቃለች።» ሲጨርስ ባዶዋን የፔኒሲሊን ጠርሙስ ለልጁ ይሸልመዋል። እንባው ጉንጩ ላይ ሳይደርቅ በጠርሙሷ እየተጫወተ የሚወጣ ልጅ ስንት አይቻለሁ።

ያን ጊዜ የእናቴ ታናሽ ወንድም ለሥልጠና ከሄደበት ከምሥራቅ ጀርመን ተመለሰ። ለእናቴ ሹራብ፣ ለአባቴ የጺም መላጫ፣ ለእኔ ደግሞ አንድ ትልቅ ካርቶን አመጣልኝ። ካርቶኑ ላይ አሸዋ እየበተነች የምትከንፍ ቀይ መኪና ተስላለች። በጉጉት ስከፍተው መኪና የሚባል ነገር የለም። ብሎን በየከረጢቱ፣ ጥርሳም ማርሾች፣ ጎማዎች፣ አንድ ሞተር፣ የማላነበው መጽሐፍ። ተሰብራ የመጣች መስሎኝ አለቀስኩ። አጎቴ እየሳቀ «እንዲህ ናት፣ ራስሽ ነሽ የምትገጣጥሚያት» አለኝ። ከሥር ደግሞ አንቴናዋ ሲሳብ ከእኔ ቁመት የሚስተካከል ጥቁር ሳጥን ነበረች። መኪናዋ ያለ ሽቦ የምትነዳው በእሷ ነው ተባልኩ። እናቴ ግን «ለሴት ልጅ አሻንጉሊት አጥተህ ነው መኪና የተሸከምክ?» ብላ ወንድሟን ስትነዘንዘው ሰነበተች።

መኪናዋን መገጣጠም የቅዳሜ ከሰዓት ሥራችን ሆነ። አባቴ የመርፌ ትሪውን ወልውሎ ብሎኖቹን በየመጠናቸው ይደረድርበታል። የብሎኖቹ ጭንቅላት እንደምናውቀው ብሎን ለካቻቢቴ የሚሆን ስንጥቅ የለውም፤ ስድስት ማዕዘን ያላት ጠባብ ቀዳዳ ናት ያለችው፣ ብሎኑ የሚፈታውም አብራ በመጣች ጫፏ በታጠፈ ቀጭን ቁልፍ ነው። አባቴ ዓይኑን ከሥራው ሳያነሳ መዳፉን ይዘረጋል፤ እኔ ብሎኑን አቀብላለሁ። «ሲስተር ሰናይት፣ ትንሿን» ይለኛል። የአዲስ ፕላስቲክና የአልኮል ሽታ ተደባልቆ ክፍሉን ይሞላዋል። ንፋሱ ከቆሻሻ መጣያው ከቆሼ በኩል ከመጣ መስኮት እንዘጋለን እንጂ ሥራ አናቆምም። እንደዚያ አፍንጫችን እስኪነካካ ተጠጋግተን የተቀመጥንበት ሌላ ጊዜ ትዝ አይለኝም። በዓለም ላይ ከእኔ በላይ የታደለ ልጅ ያለ አይመስለኝም ነበር።

አንድ ቀን አባቴ ሳጥኗን ሊሞክር ግቢ ይዟት ወጣና አንቴናዋን ሳባት። ማን እንዳየው እስከ ዛሬ አላወቅንም። የኛ አጥር ቆርቆሮው ሽንቁር በሽንቁር ነው፣ ዘመኑም ጎረቤት ጎረቤቱን የሚጠቁምበት ነበር። በማግስቱ የቀበሌው የአብዮት ጥበቃ ኃላፊ ደጃችን ቆመ። ከኋላው ጠመንጃ ያነገተ ወጣት ነበር፤ ተክሌ፣ ከእኛ ከፍ ብሎ ያለው ቤት ልጅ።

«ጓድ አየለ፣ የመገናኛ ሬዲዮ አለዎት የሚል ጥቆማ ደርሶናል» አለ ኃላፊው።

አባቴ ሳጥኗንም፣ ገና ያላለቀችውን መኪናም አወጣለት። ኃላፊው አንቴናዋን ስቦ፣ መልሶ ከቶ፣ ደግሞ ስቦ ካርቶኑ ላይ ያለውን የባዕድ ጽሑፍ ረጅም ጊዜ ተመለከተ።

«መጫወቻ ከሆነች ትሂድና እንያት።»

«አላለቀችም እኮ፣ ገና እየገጣጠምናት ነው።»

«እሑድ ከውይይት ክበብ መልስ ሰው እልካለሁ። ከሄደች መጫወቻ ናት። ካልሄደች ሳጥኗም እርስዎም ቀበሌ ትመጣላችሁ።»

ይህን የተናገረው ሳይቆጣ ነው። ያን ጊዜ ቀበሌ «ለትንሽ ጥያቄ» ተጠርቶ የሄደ ሰው መቼ እንደሚመለስ የሚያውቅ አልነበረም። ከእኛ በታች ያለው ቤት አባወራ ለትንሽ ጥያቄ ከሄደ ሁለት ክረምት አልፎ ነበር፤ ሚስቱ እስከዚያን ጊዜ ድረስ ምሳ ቋጥራ ትመላለሳለች። ልጅ ብሆንም ይህን አውቃለሁ። ሁላችንም እናውቅ ነበር፣ አናወራውም እንጂ።

ከዚያ በኋላ ቅዳሜን መጠበቅ ቀረ። አባቴ ከሥራ እንደገባ ኮቱን ሳያወልቅ ትሪው ላይ ያቀረቅራል። «ሲስተር ሰናይት» ማለቱንም ተወው። ሞተሩን ሲያስር ግን ቸኮለ። ተጣምሞ ታስሮ ኖሮ ባትሪ ስናገናኝ ሞተሩ ይጮኻል እንጂ ማርሹ ከማርሽ አልናከስ አለ፤ ጎማዎቹ ንቅንቅ አላሉም። ሞተሩን ለማቃናት ብሎኑ መፈታት ነበረበት። ያን ጊዜ ነው የአባቴን እጅ ያየሁት። ስንቱን የኮልፌ ሕፃን ሳያሳምም የወጋ እጅ ይንቀጠቀጥ ነበር። ቁልፏ ቀዳዳው ውስጥ ተንሸራተተች። ደግሞ ሞከረ፣ ደግሞ ተንሸራተተች። ስድስቱ ማዕዘን ተፍቆ አልቆ ቀዳዳው እንደ ቀለበት ክብ ሆነ። ብሎኑ ተበላ።

ያልሞከረው ነገር የለም። ከፔኒሲሊን ጠርሙስ ክዳን ላይ ስስ ላስቲክ በምላጭ ቀርፎ ቀዳዳው ውስጥ ከተተና ቁልፏን በላዩ ተጫናት፤ ላስቲኩ ተበጣጠሰ። በፒንሳ እንዳይዘው የብሎኑ ጭንቅላት አጭር ነው። ቁልፏን በሻማ አግሎ ሞከረ፤ ጣቱን አቃጠለ። እናቴ «የፈሩት ይደርሳል» አለችና ቶሎ አፏን ያዘች። ቅዳሜ አጥባ ያደረቀችውን የአባቴን ወፍራም ጋቢ እሑድ ጠዋት አጥፋ በሩ አጠገብ ወንበር ላይ አስቀመጠችው። ቀበሌ ካሳደሩት የሚለብሰው ነው፤ እሱም ለምን ብሎ አልጠየቃትም።

ተክሌ የመጣው ብቻውን ነው። ይህ ተክሌ ልጅ ሆኖ ልብ ድካም አለበት ተብሎ በየወሩ መርፌ ታዞለት ነበር፤ በየወሩም ከአባቴ ሸሽቶ ባሕር ዛፍ ላይ ይወጣ እንደነበር ሰፈሩ ሁሉ ያወራል። አሁን አድጎ ጠመንጃ ይዞ በራችን ላይ ቆሟል። አባቴ ቆሞ ተቀበለው።

«አልሄደችም» አለው። «አንድ ብሎን እምቢ አለኝ። ልዋሽህ አልፈልግም።»

ተክሌ መኪናዋን አየ፣ ወንበሩ ላይ ያለውን ጋቢ አየ፣ መጨረሻ ላይ የአባቴን እጅ አየ። ከዚያ «እስቲ ያሳዩኝ ጋሽ አየለ» አለ። ሲመጣ «ጓድ» ይለዋል ብለን ነበር የጠበቅነው። ጎንበስ ብሎ ብሎኑን በጥፍሩ ዳሰሰው።

«በቀዳዳው በኩል አይወጣም፣ አልቆለታል። ጭንቅላቱን መሰንጠቅ ነው። ቤት ብረት የሚቆርጥ የሴጌቶ ምላጭ አለኝ፣ መጣሁ።»

ጠመንጃውን ግድግዳችን ላይ አስደገፈና ወጥቶ ሮጠ። እኛ ከጠመንጃው ጋር ቀረን። እናቴ ሳይጠራ እንደመጣ እንግዳ ራቅ ብላ ትመለከተዋለች። «ይሄ ልጅ ምን ነካው፣ መሣሪያውን ጥሎ ይሄዳል እንዴ?» አለች በሹክሹክታ። እኔ ደግሞ ሰው ቢገባና ቢያየው አባቴን የሚይዙት መስሎኝ በሩን በጀርባዬ ደግፌ ቆምኩ።

ተመልሶ ሲመጣ የምላጩን አንድ ጫፍ በጨርቅ ጠቅልሎታል። መሬት ላይ ቁጭ አለ። አባቴ ከፊቱ ተቀምጦ መኪናዋን በሁለት እጁ ያዘ፤ ተክሌ በብሎኑ ጭንቅላት መሐል ለመሐል መሞረድ ጀመረ። መኪናዋ ትንቀጠቀጣለች። ተክሌ ቆም አለና ቀና ብሎ አባቴን አየው።

«አይዞዎት ጋሽ አየለ» አለው ቀስ ብሎ። «ትንሽ ናት፣ አሁን ታልቃለች።»

አባቴ ፊቱ ላይ ሳቅ ይሁን ለቅሶ ያልለየሁት ነገር መጣ። ትንፋሹን ሳበ። እጁ ረጋ። ምላጩ ሲር ሲር እያለ ደቃቅ የብረት ብናኝ ወለሉ ላይ በተነ፣ ከዚያ ስንጥቋ ለካቻቢቴ በቃች። ተክሌ ጠመዘዘ። ብሎኑ መጀመሪያ ሲጥ አለ፣ ከዚያ ዞረ። ሞተሩን አቃንተው በዚያው ስንጥቅ ብሎን መልሰው አሰሩት። ባትሪ ድንጋዮቹ ከሬዲዮናችን የወጡ ነበሩ፤ ትንሽ ጉልበት እንዲያገኙ ጠዋት ፀሐይ ላይ አስጥቻቸው ነበር።

መኪናዋ ሄደች። በሩን አልፋ፣ የእናቴን ዶሮዎች በትና፣ ግቢውን ተሻገረች። እናቴ እልል ልትል አፏን ከፍታ ጎረቤት ይሰማል ብላ በነጠላዋ አፈነችው። ተክሌ ወደ እኔ ዞረ።

«ሰናይት፣ አንዴ ልንዳት?»

ሰጠሁት። ምላሱን በከንፈሩ ጥግ አውጥቶ፣ መኪናዋ ወደ ግራ ስትዞር እሱም ወደ ግራ እያዘመመ፣ ድንጋዮቹ እስኪደክሙ ነዳት። ያን ያህል ደስ ያለው ሰው አይቼ አላውቅም። ስትቆም ሳጥኗን በሁለት እጁ ይዞ መለሰልኝ፤ ጠመንጃውን ትከሻው ላይ አደረገ። «መጫወቻ ናት። እኔ ራሴ ነዳኋት እላቸዋለሁ» ብሎ ለአባቴ እጅ ነስቶ ወጣ።

የእርምጃው ድምፅ ርቆ ሲጠፋ አባቴ በሩ አጠገብ ያለው ወንበር ላይ፣ ጋቢው ላይ ዘፍ ብሎ ተቀመጠና አለቀሰ። አባቴ ሲያለቅስ ያየሁት ያኔ ብቻ ነው። እናቴ ቀስ ብላ ጋቢውን ከሥሩ ሳበችና ትከሻው ላይ ጣል አደረገችለት።

በዓመቱ ተክሌ ወደ ሰሜን ዘመተ፤ አልተመለሰም። በሌሎች ደጆች ላይ ጠመንጃውን እንዴት ይዞ እንደቆመ አላውቅም። ሰፈራችን ውስጥ ስሙ ሲነሳ ፊታቸውን የሚያዞሩ ሰዎች አሉ፣ አልፈርድባቸውም። እኔ የማውቀው ግድግዳችን ላይ አስደግፎት መሮጡን ነው። አባቴም እስኪያርፍ ድረስ በጸሎቱ ስሙን ይጠራ ነበር።

ያኔ ባሕር ዛፍ የነበረው ቀራንዮ ዛሬ ልጄ የሚጫወትበት፣ ሱቅ የሞላበት ሰፈር ነው። በሩቅ የሚነዳ መኪና በየፕላስቲክ ሱቁ ተሰቅሏል። ልጄ ሲበላሽበት ይጥለዋል፤ ለአንዲት ብሎን ብሎ ከሰው ጋር አፍንጫ ለአፍንጫ የሚቀመጥበት ጊዜ የለውም። ይህ ያሳዝነኛል፣ አልዋሽም። ባለፈው ይህን ታሪክ ነገርኩት። እስከ መጨረሻው ሰማኝና «ግን እማዬ፣ ሰው መጫወቻ ለምን ይፈራል?» አለኝ።

አስረዳሁት። ስለ አንቴናው፣ ስለ አጥሩ፣ ስለ ትንሽ ጥያቄ፣ ምሳ ቋጥራ ስለምትመላለሰው ጎረቤታችን። ቅንድቡን አኮማትሮ ሊረዳኝ ሞከረ፣ አልሆነለትም። የምቀልድ መስሎት ሳቀና ወደ ጨዋታው ሮጠ። እንደገና ጠርቼ ላስረዳው አፌን ከፍቼ ተውኩት። አልገባውም። መድኃኔዓለም ይመስገን፣ አልገባውም።