የእናቴ ቅናትና የወፍጮ ቤቱ ሐዲድ

እናቴ በታናሽ እህቷ ትቀና ነበር። ይህን ከተማው ሁሉ ያውቃል፤ አክስቴም ታውቃለች። የማታውቀው እናቴ ብቻ ነበረች። አንድም ቀን ነገሩን ቅናት ብላ ጠርታው አታውቅም፤ "እኔ የሚያንገበግበኝ ግፉ ነው" ነበር የምትለው።

የተጀመረው ሁለቱም ልጃገረድ ሳሉ ነው። ከተማችን ስንዴና ሽንኩርት የሚያመርቱ ገበሬዎች የሚገበያዩባት ትንሽ ከተማ ናት፤ በመሐሏ የባቡር ሐዲድ ያልፋል። የገበያው መንገድ ሐዲዱን በሚያቋርጥበት ቦታ ላይ ባቡር ሲመጣ መዝጊያውን እንጨት የሚያወርድና ባንዲራ የሚያሳይ አንድ ሽማግሌ ነበር። ሽማግሌው ጡረታ ሲወጣ የጣቢያው ሹም ቦታውን ለእናቴ እንደሚሰጣት ቃል ገባላት። እናቴ በዚያን ጊዜ አያቴን ወፍጮ ቤቱ ውስጥ ታግዘው ነበር። ዱቄቱ ቅንድቧ ላይ ሳይቀር እየተኛ አስመርሯት ስለነበር ከዚያ የምትወጣበትን ቀን እንደ ሠርጓ ቀን ነበር የምትጠብቀው። ቀኑ ሲደርስ ግን ትኩሳት ጣላት። ከአልጋ መነሳት ሲያቅታት እህቷን "ታምማለች፣ ሲሻላት ትመጣለች ብለሽ ንገሪልኝ" ብላ ላከቻት። እህቷ ሄደች። ስትመለስ የማቋረጫ ጠባቂውን ኮፍያ አድርጋ ነበር።

እንደ አክስቴ አነጋገር፣ ባቡሩ መንገድ ላይ ስለነበር ሹሙ ሰው አጥቶ፣ ቸኩሎ "አንቺስ አትችዪም?" አላት፤ እሷም እችላለሁ አለችው። እንደ እናቴ አነጋገር ደግሞ ስለ እሷ ልትናገር ሄዳ ለራሷ ይዛ መጣች። አያቴ የሁለቱንም ሰምቶ ሥራው ያው ከአንድ ቤት አልወጣም ብሎ ወደ ወፍጮው ተመለሰ። እናቴ ግን ነገሩን በሆዷ ያዘችው።

አክስቴ ለሥራው የተፈጠረች ሆና ተገኘች። ቁመናዋ ያማረ ነው፤ ድምፅዋም ከሩቅ ይሰማል። ሰማያዊውን የደንብ ልብሷን ተኩሳ ለብሳ፣ ከጥበቃ ቤቷ ደጃፍ አረንጓዴ ባንዲራ ይዛ ስትቆም ባቡር ነጂዎቹ ጥሩንባውን ለእሷ ሲሉ ያስረዝሙት ነበር። መንገደኞቹም በመስኮት እጃቸውን ያውለበልቡላታል። ወፍጮ ቤታችን ከማቋረጫው ብዙም አይርቅም። እናቴ ጥሩንባው በተሰማ ቁጥር ወፍጮው እህል የጎደለው ይመስል ጆንያ አንስታ ትገለብጥበታለች።

ከሁሉም የሚያበግናት ግን ያ መዝጊያ ነበር። ዱቄት የጫነው ጋሪያችን ማቋረጫው ላይ ሲደርስ ባቡር ከመጣ አክስቴ መዳፏን ዘርግታ ታስቆመናለች። ታናሽ እህቷ በገበያተኛ ሁሉ ፊት ቁሙ ስትላት የእናቴ ፊት ይጠቁራል። ኋላማ ጋሪውን በድልድዩ በኩል ታዞረው ጀመር። እኔ ከጆንያዎቹ በላይ ተቀምጬ ለምን እንደምንዞር ስጠይቃት በዚያ በኩል መንገዱ ይሻላል ትለኛለች። መንገዱ ጉድጓድ በጉድጓድ ነበር።

አንድ ጊዜ የሽንኩርት ነጋዴዋ ጋሪ ጎማው ሐዲዱ መሐል ተቀርቅሮ፣ ባቡሩ እየመጣ፣ አክስቴ ቀዩን ባንዲራ እያርገበገበች ሮጣ አስቆመችው። ከተማው ሳምንት ሙሉ ሌላ ወሬ አልነበረውም። ለማስፈጨት የሚመጣው ሁሉ እህትሽ እንዴት ያለች ጀግና ናት እያለ ሲያወራላት እናቴ "ታዲያ ሥራዋ አይደል?" ብላ ቋቱን ትጠርግ ነበር።

በዚህ ሁሉ መሐል እናቴ አገባች፣ እኔን ወለደች፣ አያቴ ሲሞት ወፍጮ ቤቱን ወረሰች። አያቴ በደህናው ጊዜ ከዋናው ሐዲድ እስከ ደጃችን ድረስ ቅርንጫፍ ሐዲድ አስዘርግቶ ነበርና ስንዴው በፉርጎ እስከ በሩ ይመጣል። በከተማው ውስጥ እንደ እሷ የተከበረች ሴት አልነበረችም። ይሁን እንጂ ዓይኗ ከማቋረጫው አልተነቀለም።

ትልቁ የመኪና መንገድ ሲሠራ ጭነቱ ወደዚያ ዞረና ባቡሩ ቀረ። አክስቴ ኮፍያዋን አስረከበች፤ ከጥበቃ ቤቷ ጎን ጎመን መትከል ያዘች። የእኛም ገበያ ያለ ፉርጎዎቹ ተዳከመ፣ ግማሹ መጋዘን ባዶውን ቀረ። እናቴ ግን አልከፋትም። ጆሮዬ አረፈ አለች እንጂ ስለ ገበያው ስታማርር አልሰማኋትም። አባቴ ይህን አይቶ ራሱን ይነቀንቅ ነበር።

ከዓመታት በኋላ ማዘጋጃ ቤቱ ጣቢያውን በቅርስነት ሊያድሰው ተነሣ። አንዲት ትንሽ ባቡር ጎብኚ ጭና ከጣቢያው ተነሥታ፣ በማቋረጫው አልፋ፣ በቅርንጫፉ ሐዲድ እኛ ደጅ ድረስ ልትመጣ ነው። ጎብኚው ወርዶ ወፍጮውን ያያል፣ ዱቄት ይገዛል። እናቴ ሐሳቡን ወደደችው። ምርቃቱ ሲቃረብ እድሳቱን ልታይ ወደ ጣቢያው ሄደች። ትኬት መሸጫው ግድግዳ ላይ፣ ከወለል እስከ ጣሪያ ሊደርስ ምንም ያልቀረው ፎቶግራፍ ተሰቅሏል። አክስቴ ናት፤ በወጣትነቷ፣ በኮፍያዋ፣ ባንዲራዋን ከፍ አድርጋ።

እናቴ ወዲያው ወደ ቤት ተመለሰች። በማግስቱ ብረት ቆራጮች ጠርታ የደጃችንን ሐዲድ ታስነቅል ጀመር። እኔ ለመንኳት፣ አባቴም ለመናት። "መሬቱ የኔ፣ ሐዲዱም የአባቴ ነው" ብላ አሻፈረኝ አለች። የብረቱ ጩኸት ከተማውን ሲያናውጠው አክስቴ መጣች። ሠራተኞቹን ቀና ብላም አላየቻቸው፤ በቀጥታ ወደ ወፍጮ ቤቱ ገባች። እናቴ የጆንያ አፍ ትሰፋ ነበር።

"እትዬ፣ ዛሬስ ንገሪኝ። ምን አድርጌሽ ነው?" አለቻት።

እናቴ መስፋቷን አላቆመችም። "ስለ እኔ እንድትናገሪ ነበር የላክሁሽ።"

"ተናገርሁ እኮ። ታምማለች አልሁት። ከዚያ እሱ ጠየቀኝ።"

"እምቢ ማለት ትችዪ ነበር።"

ሁልጊዜ ሹሙ ቸኩሎ ነበር ትል የነበረችው አክስቴ ያን ቀን እንዲያ አላለችም።

"እችል ነበር" አለች። "አልፈለግሁም። እኔም ፈልጌው ነበር፣ እትዬ፣ ካንቺ እኩል። አንቺ ስለ ኮፍያው ስታወሪ ጥግ ይዤ እሰማሽ ነበር። ‹አንቺስ?› ያለኝ ሰው ግን አልነበረም። ሲጠይቀኝ አንቺን ረሳሁሽ።"

መርፌው ጆንያው ላይ ቆመ። እናቴ ያን ሁሉ ዘመን ስትጠብቅ የኖረችው ይህን ነበር መሰለኝ፤ ሲመጣላት ግን የምታደርገው ጠፋት። እንዲህ ስትል ሰማኋት፦ "ቀንቼብሽ ነው። ምን ላድርግ፣ ቀንቼ ነው። ፎቶሽን ሳይ እዚያ የምቆመው እኔ ነበርሁ አልሁ።"

አክስቴ በንጹሕ ቀሚሷ የዱቄት ጆንያ ላይ ዘፍ ብላ ተቀመጠች። እናቴ ተነሥታ ወጣችና ሠራተኞቹን አስቆመቻቸው። ነገር ግን ረፍዷል፤ አብዛኛው ሐዲድ ተቆራርጦ ደጃችን ላይ ተከምሯል። የተቆረጠ ብረት መልሶ እንደማይገጥም ቆራጮቹ ነገሯት። ስለዚህ ትንሿ ባቡር ዛሬ ማቋረጫው ላይ ደርሳ ትመለሳለች፤ ወፍጮ ቤታችን ድረስ በእግሩ የሚመጣ ጎብኚ ከስንት አንዴ ነው። ሰውም ብዙ ወቀሳት። እናቴ አልተከራከረችም፤ በገዛ እጄ ነው ትላለች።

ቅናቱ ለቀቃት ብል ዋሸሁ። ጠዋት ጠዋት ወደ ጥበቃ ቤቱ ሄዳ ከአክስቴ ጋር አግዳሚ ወንበሩ ላይ ትቀመጣለች። ጎብኚዎች አክስቴን ከበው ሲያስወሯት "ይኸው፣ ደግሞ ቀናሁ" ትላለች፣ ለሁሉም በሚሰማ ድምፅ። አክስቴ ትስቅና ጠጋ ብላ ቦታ ትለቅላታለች። በቅርቡ አንድ ጎብኚ አክስቴን ፎቶ ሊያነሣት ሲል እናቴንም ነይ ግቢ አለቻት። ፀጉሬ አልተሠራም፣ ልብሴ አያምርም ስትል ቆየችና ገባች። ጎብኚው ፎቶውን ልኮልን አየሁት። እናቴ ከፊት ለፊት ደረቷን ነፍታ ቆማለች፤ አክስቴ ከኋላ ናት፣ ግማሽ ፊቷ ብቻ ነው የሚታየው።