እርድ የነካው እጅ

ዛሬ ጠዋት ጊደር መጋላ ገበያ እርድ ስገዛ መዳፌ ቢጫ ሆነ። ሻጯ፣ «ይታጠቡ እንጂ እማማ!» ብትለኝ፣ «አልታጠብም» አልኳት። ሳቀችብኝ። ምን ታውቃለች! አክስቴ እናኑ ትዝ ብላኝ ነው።

እናኑ የአባቴ ታላቅ እህት ናት። ቤተ እስራኤል ነን፤ ለሽመና ሥራ ከጎንደር መጥተን ሸዋ በር አጠገብ በአንድ ግቢ የምንኖር ጥቂት ቤተሰቦች ነበርን። አክስቴ ግን ክርስቲያን አግብታ ተጠመቀች፤ ከዚያ ወዲያ ግቢያችንን አልረገጠችም። እሷ የነካችው ሰው ወንዝ ወርዶ ሳይታጠብ ቤት አይገባም፤ ሕጋችን ነበር። መጋላው ውስጥ እርድ ስትሸጥ ከሩቅ ሳያት ቢጫ እጇን ታውለበልብልኝ ነበር።

አንድ ዓርብ፣ በእሸት ሰሞን፣ የሰንበቱ ዳቦ ሲሸት ታላቅ እህቴ ታረቀች ዓይኗ አብጦ መጣች። የመታት ባሏ ነው። ጸሎት የሚመራልን ደግሞ እሱ! ተከትሏት መጣ፤ ሽማግሌዎቹም ተሰበሰቡ።

«ገመናችንን ባዕድ አይስማው። ሰንበት ሳይገባ ከባልሽ ጋር ሂጂ» አሏት።

«ኧረ ዛሬ ይገድለኛል!» አለች እህቴ። አባቴ አንገቱን ደፋ። ያ አንገት መድፋቱ እስካሁን ያንገበግበኛል። በጓሮ ወጥቼ ወደ አክስቴ በረርኩ።

እናኑ እጇን እንኳ ሳታራግፍ መጣች። «እንዳትነኪን!» እያለ ሰው ሁሉ ሸሸ። እሷ ቀጥ ብላ ሄዳ የእህቴን ክንድ ጨበጠች፤ ጣቶቿ ቢጫ ሆነው ታተሙበት።

«ይኸው ነካኋት» አለችው የእህቴን ባል። «ፀሐይዋ ልትጠልቅ ነው፤ ወንዝ ወርዳ አትደርስም። በል ጻድቁ፣ ቤትህ አስገባታ!»

ወደ ኋላ አፈገፈገ። በቡጢ ሲነካት ያልተጠየፈ ሰው እርዱን ተጠየፈ!

«ሰንበት ሲወጣ እወስዳታለሁ» አለ።

ያኔ አባቴ ተነሣ። አክስቴ ፊት ቆሞ እጁን ዘረጋ።

«እትዬ፣ እኔንም ንኪኝ። ልጄ አትመለስም» አላት።

በሁለት እጇ ያዘችው፤ ሁለቱም አለቀሱ። ያን ሰንበት ዳቦውን ይዘን አክስቴ ቤት ዋልን።

ከዓመታት በኋላ አባቴና እህቴ እስራኤል ገቡ። እናኑን ግን የእስራኤል ሹሞች «ተጠምቃለች» ብለው አስቀሯት፤ እኔም ትቻት አልሄድም አልኩ። አሁን እሷም አባቴም የሉም። እህቴ ዓርብ ዓርብ በስልክ መልኳን እያሳየች ታወራኛለች።

ዛሬም፣ «እስቲ እጅሽን አሳዪኝ» አለች። ቢጫ መዳፌን ዘረጋሁላት፤ እሷም ክንዷን ወደ ስልኩ አስጠጋች። ዛሬ አትንኪያት የሚለኝ ሕግ የለም። እህቴን ከነካኋት ግን ስንት ዘመኔ!