የነስሩ ቀኝ ክንድ

ባለፈው ቅዳሜ ሎሚ ልገዛ ኢስት ኮልፋክስ ጎዳና ላይ ካለው የነስሩ ሱቅ ገባሁ። "ያዝ" ብሎ ከባንኮኒው ጀርባ አንዱን በግራ እጁ ወረወረልኝ። ርቀቱ ምንም አይደለም፤ ሎሚው ግን እግሬ ሥር ወደቀ። ነስሩ ሳቀ። እኔ አልሳቅኩም። ይህ ሰው ድሮ በቀኙ ሲወረውር ኳሱ ለዓይን አይያዝም ነበር።

ያኔ ኦሪጅናል ኦሮራ በሚባለው ሰፈር አንድ ሕንፃ ውስጥ ነበርን። እኔ ዳውንታውን የሰው መኪና ፓርክ የማደርግ፣ ስሜን እንኳ መጻፍ የማልችል ጎረምሳ ነበርኩ። ፊደል የቆጠርኩት ጸጉሬ ከሸበተ በኋላ ነው። ነስሩ በልጅነቱ ከአዲስ አበባ መጥቶ እዚሁ አድጎ ኮሌጅ ገብቷል። የኮሌጁ የቤዝቦል ቡድን ፒቸር ነበር፤ ኳሱን የሚወረውረው ማለት ነው። እረፍት በሆንኩ ቁጥር ላየው እሄዳለሁ። ሚያዝያ ነበር፤ ጠዋት በረዶ ይጥላል፣ ከሰዓት ፀሐይ ታቀልጠዋለች፣ ሜዳው ይጨቀያል። ተጫዋቾቹ ሱፍ ይቆረጥማሉ። እኛ በጾም ፈጭተን የምንጠጣውን ሱፍ እነሱ ገለባውን በየቦታው ሲተፉት እበሽቅ ነበር። የጨዋታው ደንብ አልገባኝም። ነስሩ ሲወረውር ደንብ ማወቅ አያስፈልግም፤ መቺው ዱላውን ሳያንቀሳቅስ ኳሱ ከኋላው በተቀመጠው ተቀባይ ጓንት ውስጥ ጷ ይላል።

አንድ ቀን ክርኑን አመመው። አሰልጣኙ ሳያሳርፍ ደጋግሞ አስወርውሮት ነበር። ሐኪሙ "ጅማትህ ተጎድቷል፤ ለጊዜው ኳስ እንዳትነካ" አለው። በሚቀጥለው ሳምንት ግን ለትልልቅ ክለቦች ተጫዋች የሚመለምል ሰው እሱን ሊያይ ይመጣል። አባቱ ጋሽ ሰይድ ታክሲ ይነዱ ነበር፤ የልጃቸውን ወሬ ያላወሩለት ተሳፋሪ የለም። መጠበቅ አልሆነላቸውም። ጋሽ ክፍሎምን ጠሩ።

ጋሽ ክፍሎም አዲስ አበባ ያደጉ ኤርትራዊ ናቸው፤ እዚያ የአንድ እግር ኳስ ቡድን ወጌሻ ነበሩ። እነነስሩ ቤት ሶፋው ላይ ተቀመጡና ዘይት አስሞቁ፤ የነስሩን ክንድ ጭናቸው ላይ አጋደሙት።

"ወለምታ ነው" አሉ። "ስንቱን አጥቂ በእረፍት ሰዓት አሽቼ ለሁለተኛው አጋማሽ መልሻለሁ።"

"ጋሼ፣ ሐኪሙ እንዳይነካ ብሏል" አልኩ።

ጋሽ ሰይድ ዞሩብኝ። "አንተ ደግሞ መቼ ነው ሐኪም የሆንከው? መጀመሪያ ስምህን ጻፍ።"

ጋሽ ክፍሎም ሳቁ። ነስሩን አየሁት፤ ግንባሩ ላይ ላብ ችፍ ብሏል። እጁን ቢስብ ነገሩ ያበቃ ነበር። አልሳበም። ሽማግሌ የያዘውን እጅ መመንጨቅ ነውር ነው ተብሎ ያደገ ልጅ ነው። ጋሽ ክፍሎም ጠምዘዝ አድርገው ሳቡት። ቀጭ ሲል እኔም ሰማሁ።

"ይኸው፣ ገባ" አሉ።

"አላህ ይስጥልኝ፣ ጋሼ" አለ ነስሩ። ከንፈሩ አመድ መስሏል።

መልማዩ በመጣ ቀን የነስሩ የመጀመሪያ ኳስ መንገድ ላይ ቀርቶ ጭቃ ውስጥ ገባ። ሁለተኛውን አልወረወረም፤ ክርኑን ይዞ ቁጭ አለ። ጅማቱ ተበጥሶ ነበር። ኦፕሬሽን ተደረገ፣ ክንዱ ለጉርሻ በቃ፤ ለኳስ ግን አልሆነም። አባቱ "የአላህ ውሳኔ ነው" አሉ። አሰልጣኙ ሌላ ልጅ አገኘ። አሰልጣኙ ይጨርሰው ወጌሻው፣ የጠየቀ የለም። እኔ እስካሁን እጠይቃለሁ፤ የሚመልስልኝ የለም። ጋሽ ክፍሎም በዚያው ሰሞን ሌላ ስቴት ወዳለች ልጃቸው ሄዱ፤ ሲመለሱ ነስሩ ሱቅ ከፍቶ ጠበቃቸው።

ቅዳሜ ዕለት ሎሚውን ላነሳ ጎንበስ እንዳልኩ በሩ ተከፈተ። ጋሽ ክፍሎም ናቸው፣ በከዘራ።

"ክንድህ እንዴት ነው፣ ልጄ?"

"ደህና ነው ጋሼ። እርስዎ አይደሉ ያቀኑት?"

ሽማግሌው ወደ እኔ ዞረው "ሰማህ?" አሉ። "ያን ጊዜ አንተን ብሰማ ኖሮ ልጁ አካለ ጎደሎ ሆኖ ይቀር ነበር።"

አፌን ከፈትኩ። ነስሩ ከኋላቸው ሆኖ እንዳልናገር ራሱን ነቀነቀ። ለካስ ይህን ሁሉ ዓመት ማንም አልነገራቸውም። ነስሩ የሩዙን ከረጢት በግራው አንጠልጥሎ ቀኙን እንዲደገፉበት ሰጣቸው። ያዙት፣ ልክ ክርኑ ላይ። ቀስ እያሉ አብረው እስከ መኪናው ሄዱ።

ጋሽ ሰይድ ስምህን ጻፍ ብለውኝ ነበር። ይኸው ከስሜ አልፌ ይህን ሁሉ ጻፍኩ። ሱቁ ውስጥ ግን እኔም እንደ ነስሩ ጨዋ ሆኜ ዝም አልኩ፤ ከሁሉ በላይ የሚያናድደኝ ይህ ነው።